የብራናው ሐረግ፦ የተዘረፉ ቅርሶቻችን በምን ይመለሳሉ?

ብራና ሲገለጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሐረጉ ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም እየተጠላለፈ ከገጹ አናት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወርዳል። ብራናን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ መጨረሻው ቅጠል ይሄዳል። ማን እንዳስጻፈው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደተጻፈ፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ የሚነገረው እዚያ ነው። ከዚያም የሰረቀው፣ ጽሑፉን የፋቀው፣ ከደብሩ ያወጣው ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ቃል ይከተላል።

አባቶቻችን ይህን ሲጽፉ፣ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ራሱን የቻለ ሙያ የሆነውን ሥራ ከብራናው ጋር አብረው ጠርዘው ሰጥተውናል። ሰው የዘር ሐረግ እንዳለው ሁሉ ቅርስም ሐረግ አለው። ማን ሠራው? ማን አሠራው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? ሲተላለፍስ በፈቃድ ነበር ወይስ በጉልበት? ይህን ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ ዛሬው ባለ ይዞታ ድረስ መከታተል የቅርስ አመጣጥ ጥናት ይባላል። ሐረጉ በጦርነት ወይም በወረራ ዓመት ላይ ተበጥሶ ከተገኘ የባለቤትነት ጥያቄ ይነሣል። ይህ ዳሰሳ ከኢትዮጵያ የወጡ ቅርሶችን ጉዳይ በዚህ ዓይን ይመለከታል። ቁጭታችን ተገቢ ነው፤ በር የሚያስከፍተው ግን ማስረጃ እንደሆነ ያለፉት 150 ዓመታት ደጋግመው አሳይተውናል። (ዓ.ም. ያልተባሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቅደላ፦ ዘራፊው ራሱ የመዘገበው ዘረፋ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባን ሰብሮ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ጦሩ መጣሁ ያለው የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት ነበር፤ እስረኞቹ ግን አምባው ከመያዙ በፊት ተለቀው ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ዘረፋ ነው። ንጉሡ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ብራናዎች፣ መስቀሎች፣ ጽዋዎች፣ አልባሳትና ታቦታት በወታደር እጅ ገቡ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። አምባውም በእሳት ጋየ።

ጦሩ ከመቅደላ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ ሰፈረ፤ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀንም የተዘረፈውን ለጨረታ አቀረበ። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኘ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጨረታው ዋና ገዢዎች አንዱ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ነበር። ሙዚየሙ ከዘመቻው ጋር አስቀድሞ የላከው እሱ ነው። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት 350 ያህል የመቅደላ ብራናዎች የተሰበሰቡት በዚህ መንገድ ነው። ሌሎች ምርጥ ብራናዎች ወደ ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ቤቶችና ወደ መኮንኖች ሳሎን ሄዱ።

በዓለም ላይ የተዘረፉ ብዙ ቅርሶች መቼና በማን እጅ እንደወጡ አይታወቅም። የመቅደላው ግን ቀኑም፣ ሜዳውም፣ ዋጋውም፣ ገዢውም ይታወቃል። ምስክሮቹ ዘማቾቹ ራሳቸውና አብረዋቸው የነበሩ ጋዜጠኞች ናቸው። ገና በ1871 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በፓርላማ ፊት ቆመው፣ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከኢትዮጵያ መወሰዳቸው እጅግ እንደሚያሳዝናቸው ተናግረዋል፤ ናፒየር ራሱ ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ በአደራ መያዝ አለባቸው ማለቱንም ገልጸዋል። አደራው ከተነገረ 150 ዓመት አልፎታል። ዘውዱና ጽዋው ዛሬም ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው።

ሐረግ ሲከተሉ የተገኙ አራት ታሪኮች

የአመጣጥ ጥናት በረቂቁ ሲነገር ደረቅ ይመስላል። በአንድ ዕቃ ላይ ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደ ፍርድ ቤት ክርክር የሚያጓጓ ነው።

ከላይ የተጠቀሰውን የወርቅ ጽዋ እንውሰድ። ሆምስ ዘውዱንና ጽዋውን ከአንድ ወታደር የገዛው በ4 ፓውንድ ነው። በጽዋው ላይ ግን በግዕዝ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋም የሰጡት መሆኑን ይናገራል። ወታደሩ ማንበብ አልቻለም፤ ዕቃው ግን የጌታውን ስም በራሱ ላይ ተሸክሞ ነበር። ይህ ጽሑፍ አንድ ከባድ ጥያቄም ያስነሣል። ጽዋው ከመቅደላ ቢወሰድም ለመቅደላ የተሠራ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አድባራት በትእዛዝ ያስመጡት ብዙ ንብረት አለ። ስለዚህ ሐረጉን የሚከተል ሰው በመቅደላው ዘረፋ ዓመት፣ በ1868 ላይ አይቆምም፤ ወደ ቍስቋም ይሄዳል። ቅርሱ ሲመለስ የሚቀመጠው በአዲስ አበባ ሙዚየም ነው፣ በጎንደር ነው ወይስ በመቅደላ? ይህን ጥያቄ ሌላ ሳያነሣብን እኛው አንሥተን ብንነጋገርበት ይበጃል።

ሁለተኛው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳየው ይህ ሥዕል ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት የሚወጡት፣ መሐላ የሚፈጸምበት ታላቅ ቅርስ ነበር። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን። ብሪቲሽ ሙዚየም ከነበሩት ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። በባለአደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱንም በታኅሣሥ 1872 በዚያው መጽሐፍ ላይ አጻፈ። ስለ ሥዕሉ የተሰጠው መልስ ግን የት እንዳለ አይታወቅም የሚል ነበር። ሥዕሉ ያለው ሆምስ ዘንድ ነበር። ከዐፄ ቴዎድሮስ መኝታ ክፍል አንሥቶ ለራሱ አስቀርቶታል፤ በዚያን ጊዜም የዊንዘር ቤተ መንግሥት መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል። ፎቶግራፉ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ የወጣው በ1905 ነው። በኋላም ሥዕሉ በጨረታ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቆይቶ ፖርቱጋል ገባ። አንድ ንጉሥ በደብዳቤ የጠየቁትን ቅርስ አንድ ሰው በዝምታ ደብቆ ማስቀረት መቻሉን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ሦስተኛው ታሪክ የሚገኘው ኤድንብራ ከተማ ነው። በ2001 በቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በቆዳ ሣጥን የተቀመጠ ጽላት ተገኘ። ከመቅደላ የተመለሰ አንድ መኮንን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቶት ኖሯል። ከ130 ዓመት በላይ ማንም ምንነቱን አላወቀም። ያወቀው አንድ የደብሩ ካህን ነው፤ ኢትዮጵያን አይቷልና። ምእመናኑ ሳያንገራግሩ እንዲመለስ ወሰኑ። በ2002 መጀመሪያ ታቦቱ አዲስ አበባ ሲገባ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሕግ አልተሻሻለም፣ ካሳ አልተከፈለም፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘቱ በቂ ሆነ።

አራተኛው ከመቅደላ ጋር አይገናኝም፤ ለእኛ ትምህርቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በስጦታ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል የጳውሎስና የሰራባሞን ገድል የተጻፈበት አንድ ብራና ነበር። አጥኚዎች ሲመረምሩት ቀደም ሲል በማይክሮፊልም የተነሣ ሆኖ አገኙት። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት እየዞረ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ያስቀርጽ የነበረ ታላቅ ሥራ ነበር። የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡትም ለዚሁ መዝገብ ነው። ፊልሙ ብራናው በዚያ ዘመን በደብረ ሊባኖስ ገዳም እንደነበረ መሰከረ። ከዚያ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልቀረም፤ ዩኒቨርሲቲው በ2016 ብራናውን ለገዳሙ መለሰ። ገዳሙን ያስረታው አንድ ጥቅል ፊልም ነው።

ሌሎቹ የጠፉበት መንገድ

የቅርስ ስደታችን በመቅደላ አልጀመረም፤ በመቅደላም አላበቃም። ፋሺስት ጣሊያን በ1937 የአክሱምን ሐውልት ወስዶ ሮም ላይ አቆመ። በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወራት ውስጥ ለመመለስ ቢፈርምም 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በሦስት ክፍል ተቆርጦ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ2005 ነው፤ የቆመው በ2008። የተጻፈ ውል ይዘን 58 ዓመት ጠበቅን። ጣሊያን ይዛት የነበረችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም በ2024 መጀመሪያ ተመልሳለች።

ከዚህ የሚለይ ሌላ መንገድም አለ። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገብቶ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ወሰደ፤ በምትካቸውም በራሱ ሠዓሊ የተሣሉ ቅጂዎችን ሰቀለ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም አሉ። እንዲህ ባለው ጉዳይ ጥያቄው ይረቅቃል። ማን ፈቀደ? የፈቀደውስ የመፍቀድ ሥልጣን ነበረው? የአመጣጥ ጥናት የሚያስፈልገው በተለይ እንዲህ ዓይነቱን ለመለየት ነው።

ከሁሉም የሚያሳፍረው በገዛ ዘመናችን፣ በገዛ እጃችን የሚወጣው ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም ተገኘና በ2001 ተመለሰ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድም ሮተርዳም ውስጥ በአንድ ሻንጣ ተገኘ። ሻንጣው ያረፈው በስደት በሚኖሩት በአቶ ሲራክ አስፋው ቤት ነበር። ዘውዱ ተሰርቆ መምጣቱን ሲረዱ እንዲወጣባቸው አልፈቀዱም፤ ወደ ትክክለኛ እጅ እንደሚደርስ እስኪያምኑ ድረስ 21 ዓመት ሸሽገው ጠበቁት። በ2020 አዲስ አበባ ገባ። በስደት ዓለም ሆኖ አገርን ማገልገል እንዴት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ብዙ አድባራት ሲጎዱ ደግሞ የኢትዮጵያ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ሲቸበቸቡ ታይቷል። የደላንታው ጨረታ ሜዳውን ቀየረ እንጂ አልተዘጋም።

«አንመልስም» የሚሉ ምክንያቶች

ሙዚየሞቹ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ተራ በተራ ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው ሕግ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም በ1963ቱ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ደግሞ በ1983ቱ አዋጅ ከስብስባቸው ዕቃ እንዳያወጡ ታስረናል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሕጉ አለ። ነገር ግን ያው ፓርላማ በ2009 በናዚዎች ዘመን የተወሰዱ ቅርሶች ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ የሚፈቅድ ልዩ ሕግ አውጥቷል። ለአንዱ ግፍ የተከፈተ በር ለሌላው የማይከፈትበት ምክንያት አልተነገረንም። ከዚህም በላይ የ1963ቱ አዋጅ ለስብስቡ የማይመጥን ዕቃ እንዲወጣ ይፈቅዳል። በ2021 የቀረበ የሕግ ባለሙያ አስተያየት ታቦታቱ በዚህ አንቀጽ ሊመለሱ እንደሚችሉ አስረድቷል። አስተያየቱን ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለእይታ አይቀርቡም፣ ፎቶ አይነሡም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎች ራሳቸው ተሸፍነው ከተቀመጡበት ክፍል አይገቡም። ማንም የማያየውን፣ ማንም የማያጠናውን ነገር አንድ ሙዚየም ለምን ይይዛል? ዌስትሚንስተር አቤይ በመሠዊያው ውስጥ የኖረውን ታቦት ለመመለስ በ2024 በመርህ ደረጃ ተስማምቷል።

ሁለተኛው ውሰት ነው። በ2018 መቅደላ 150 ዓመት ሲሞላው የቪክቶሪያና አልበርት ዳይሬክተር ቅርሶቹን በረጅም ጊዜ ውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቀረቡ። ይህን ከነአካቴው መናቅ አይገባም፤ ቅርሱን ሕዝብ ያየዋል። ነገር ግን የሚዋስ ሰው ባለቤትነትን ለአዋሹ ያጸድቃል። የራስን ንብረት ለመዋስ መፈረም ለማንም የሚከብድ ነው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። «እኛ ዘንድ ይሻላል» ይላሉ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም፤ የዕቃ ቤቶቻችንን ሁኔታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግን ጎረቤቴ ቁልፉን በደንብ አለመያዙ በሬውን በረቴ ውስጥ የማሰር መብት አይሰጠኝም። አራተኛው ዲጂታል ቅጂ ነው። የብሪቲሽ ላይብረሪ ብዙዎቹን ብራናዎች በኢንተርኔት መልቀቁ ለአጥኚ ትልቅ ውለታ ነው፤ ለቅዳሴና ለማኅሌት ግን ብራናው ራሱ ነው የሚያስፈልገው።

ዓለምም እየተንቀሳቀሰ ነው። በ1998 በዋሽንግተን 44 መንግሥታት በናዚዎች የተዘረፉ የጥበብ ሥራዎች አመጣጥ እንዲጠና ተስማሙ። ፈረንሳይ በ2021 ከዳሆሜ ቤተ መንግሥት የተወሰዱ 26 ቅርሶችን ለቤኒን መለሰች። ጀርመንም በ2022 ከ1,100 በላይ የሆኑ የቤኒን ከተማ ነሐሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈች።

ከኛ የሚጠበቀው

የተመለሱልንን ብንቆጥር መንገዱ ልዩ ልዩ ነው። በመንግሥት በኩል በ1925 ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ፣ በ1965 በንግሥት ኤልሣቤጥ ጉብኝት ወቅት የዐፄ ቴዎድሮስ ቆብና ማኅተም፣ በ2019 ደግሞ ከእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሡ ፀጉር ተመልሷል። የዘማቾች የልጅ ልጆችም በገዛ ፈቃዳቸው የመለሱት አለ። ለጨረታ የቀረቡ ዕቃዎችን በጎ አድራጊዎች ገዝተው መልሰዋል፤ በ2024 አዲስ አበባ የገባው የመቅደላ ጋሻ ከእነዚህ አንዱ ነው። በሁሉም ውስጥ ግን አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ዕቃው የየት እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ባለቤት የሚናቀው ደግሞ ያለውንና የጠፋበትን ቆጥሮ መናገር ሲያቅተው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። በተግባር ግን ስንት ደብር የንዋየ ቅድሳቱን ዝርዝር ከነፎቶው ይዟል? አንድ መስቀል ቢጠፋ ገበዙ ለፖሊስ የሚያሳየው ሥዕል አለው? ከሌለው መስቀሉ ነገ ብራስልስ ቢታይ እንኳ የእኛ መሆኑን በምን እንናገራለን?

ሥራው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የዕቃው ፎቶ ከፊትና ከኋላ፣ ቁመቱና ስፋቱ፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ፣ የተሰነጠቀበትና የተጠገነበት ምልክት፤ ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣኑ ዘንድ ይቀመጥ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግዕዝ የሚያነቡ ወጣቶችን ከሙዚየም ሰነድ ጋር ያስተዋውቁ፤ የጨረታ መዝገብ፣ የመርከብ ዝርዝር፣ የመኮንን ማስታወሻ ማንበብ ይማሩ። የመቅደላ ማስረጃ ግማሹ በግዕዝ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ሰው ከማንም በፊት ከእኛ መውጣት አለበት። በለንደን፣ በዋሽንግተንና በአምስተርዳም የምትኖሩም የጨረታ ዝርዝሮችን ተከታተሉ፤ የኢትዮጵያ ነው የተባለ ዕቃ ስታዩ ሐረጉን ጠይቁ፤ ለኤምባሲውም አሳውቁ።

ለአድባራትና ገዳማት አገልጋዮች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አባቶቼ፣ በዕቃ ቤታችሁ ካለው ብራና የመጨረሻውን ቅጠል ግለጡና ፎቶ አንሡት። ያ ገጽ የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።